ስንት ሊትር፣ ስንት ብር፦ የቤት ውስጥ ቀለም ስሌት ከግድግዳው እስከ ሱቁ

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ፣ የጥር ሠርግ ሲደገስ ወይም የኮንዶሚኒየሙ ቁልፍ እጅ ሲገባ ቤት ማስቀባት ይመጣል። ያኔ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ለዚህ ቤት ስንት ቀለም ይበቃል? አብዛኛው ሰው መልሱን የሚሰማው ከቀቢው ነው። ቀቢው በሩ ላይ ቆሞ ክፍሉን በዓይኑ ይቃኝና «ሁለት ባልዲ ይበቃል» ይላል። ልምድ ያለው ቀቢ ብዙም አይስት ይሆናል። የራስዎ ስሌት ከሌለዎት ግን ትክክል መናገር አለመናገሩን የሚያውቁት ሥራው መሃል ላይ ቀለም ሲያልቅ፣ ወይም ሁሉም ካለቀ በኋላ ግማሽ ባልዲ ሲተርፍ ነው። ከሁለቱ የባሰው የመጀመሪያው ነው፤ ተመልሰው የሚገዙት ቀለም ከቀድሞው ጋር ቁርጥ አንድ ላይሆን ይችላል።

ሒሳቡ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም። የ5 ሜትር መለኪያ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ የስልክዎ ካልኩሌተር፣ የሜትሩን ጫፍ የሚይዝልዎ ሰው ካለ ዝግጅቱ ተሟላ። ስሌቱን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ሳይሆን ግድግዳውን ሳያዩ መጀመር ነው። ስለዚህ ሜትሩ ትንሽ ይቆይ።

1. ግድግዳውን ይመርምሩ

ስፋታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ግድግዳዎች እኩል ቀለም አይወስዱም። አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ቀለም ይጠጣል፤ ቀድሞ የተቀባና ያልተጎዳ ግድግዳ ብዙ አይጠይቅም፤ እርጥበት ያለበት ደግሞ የፈለጉትን ያህል ቢቀቡት ይጥለዋል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም።

መጀመሪያ በደረቅ መዳፍዎ ግድግዳውን ይሹት። ነጭ ዱቄት እጅዎ ላይ ከቀረ ከሥሩ ኖራ ወይም ያረጀ ደካማ ቀለም አለ ማለት ነው። በዚህ ላይ የተቀባ የፕላስቲክ ቀለም የሚይዘው ግድግዳውን ሳይሆን ዱቄቱን ስለሆነ ጥቂት ቆይቶ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ዱቄቱ መፋቅና መታጠብ፣ ከዚያም ግድግዳው የሚያጣብቅ የመጀመሪያ ቅብ፣ ማለትም ፕራይመር ማግኘት አለበት። ይህ በወጪ ዝርዝርዎ ላይ ራሱን የቻለ መስመር ነው።

ቀጥሎ ጥቂት ውሃ ይርጩበት። ውሃው ወዲያው ሰርጎ ግድግዳው ከጠቆረ ጠጪ ነው። ውሃው ጠብታ ሆኖ ቁልቁል ከወረደ የዘይት ቀለም ወይም የሚያብረቀርቅ ነገር ተቀብቷል። በድሮ ቤቶች የኩሽናና የኮሪደር ግድግዳ ታችኛው ግማሽ በዘይት ቀለም የተቀባ ስለሚሆን ላዩን ብቻ ሞክረው እንዳያልፉ። የዘይት ቀለም ያለበት ግድግዳ በብርጭቆ ወረቀት ካልተሻከረ አዲሱን የፕላስቲክ ቀለም አይዝም።

ሦስተኛ፣ አሮጌው ቀለም ተጣብቆ እንደሆነ ይፈትሹ። በምላጭ የመስቀል ምልክት ይጫሩበት፣ ጠንካራ ፕላስተር ይለጥፉበትና ባንዴ ይንቀሉት። ቅርፊት ይዞ ከመጣ ያ ግድግዳ መፋቅ ይፈልጋል፤ ፍቆውም የቀቢ ቀን ይበላል።

አራተኛው እርጥበት ነው፤ እንደኔ ትልቁ የገንዘብ ብክነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ከመታጠቢያ ቤት ጋር የሚዋሰን ግድግዳ፣ የመሬት ቤት ግድግዳ ታችኛው ክፍል፣ የመስኮት ሥር ተጠርጣሪዎች ናቸው። ነጭ ጨው መሰል ነገር ካበበ፣ ቀለሙ ካበጠ ወይም ከተላላጠ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወስደው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉና ለ24 ሰዓት ይተዉት። ሲያነሱት ከግድግዳው በኩል ያለው የላስቲኩ ገጽ ጤዛ ካዘለ ውሃው ከግድግዳው እየመጣ ነው። እንዲህ ያለውን ግድግዳ ከስሌቱ ያውጡት። ቧንቧው ወይም ስንጥቁ ተጠግኖ ግድግዳው እስኪደርቅ የሚቀባው ቀለም ሁሉ ኪሳራ ነው።

አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ቢያንስ 4 ሳምንት ይጠብቁ። ልስኑ በውስጡ ያለውን ውሃ ማስወጣት አለበት፤ ትኩስ ሲሚንቶ የያዘው አልካሊም ቀለምን ያነጣል፣ ያላልጣል። ክረምት ላይ ከ4 ሳምንትም ሊበልጥ ይችላል።

በመጨረሻ ኮርኒሱን ቀና ብለው ይዩ። ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ወይም ከሰል የሚነድበት ክፍል ኮርኒስ ቢጫ ወይም ጥቁር ጥላ ይይዛል። በውሃ የሚቀጥን ነጭ ቀለም በቀጥታ ከቀቡበት ጥላው እየሰረገ ተመልሶ ይወጣል፤ ሦስትና አራት እጅም አይሸፍነውም። መፍትሔው በሳሙና ውሃ አጥቦ ማድረቅና እድፍ የሚያፍን በቲነር የሚቀጥን ፕራይመር አንድ እጅ መቀባት ነው። አንድ እጅ ፕራይመር ከሁለት እጅ ከንቱ ቀለም ይረክሳል።

በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ ጤናማ፣ ጠጪ ወይም ታማሚ ብለው በእርሳስ ይጻፉ። ቀጣዩ ስሌት ሁሉ ይህን ይከተላል።

2. ይለኩ

የክፍሉን ዙሪያ ይለኩ፣ በከፍታው ያባዙ፣ የበርና የመስኮቱን ስፋት ይቀንሱ። በየግድግዳው ለየብቻ ከመለካት ይህ ይፈጥናል፤ የግድግዳዎቹ ሁኔታ የተለያየ ከሆነ ግን ለየብቻ መለካት ይሻላል።

አንድ ሳሎን ይዘን እንሂድ። ርዝመቱ 5.2 ሜትር፣ ወርዱ 3.8 ሜትር፣ ከፍታው 2.6 ሜትር ነው እንበል። ዙሪያው 5.2 + 3.8 + 5.2 + 3.8 = 18 ሜትር ይሆናል። 18 ሲባዛ በ2.6፣ 46.8 ካሬ። መግቢያው በር 0.9 በ2.1 ስለሆነ 1.89 ካሬ ነው፤ የበረንዳው በር 0.8 በ2.1፣ 1.68፤ መስኮቱ 1.8 በ1.4፣ 2.52። ሦስቱ ተደምረው ወደ 6.1 ካሬ ይመጣሉ። ስለዚህ የሚቀባው ግድግዳ 40.7 ካሬ ነው። ኮርኒሱ ርዝመት በወርድ፣ 5.2 በ3.8፣ 19.8 ካሬ ግድም።

ከፍታውን ሲለኩ ከዞኮሎው ላይ ጀምረው እስከ ኮርኒሱ ይሂዱ፤ ዞኮሎ በግድግዳ ቀለም አይቀባም። ወለሉ ወይም ጣሪያው ዘንበል ያለ ቤት ከሆነ ከፍታውን በሁለት ማዕዘን ለክተው አማካዩን ይያዙ። ማብሪያ ማጥፊያና ሶኬት አይቀነሱም፤ ትንሽ ናቸው። ቁም ሳጥን ግድግዳው ላይ የተሠራ ከሆነና ከኋላው የማይቀባ ከሆነ ግን ይቀንሱ፤ የአንድ ቁም ሳጥን ጀርባ ብቻውን 4 እና 5 ካሬ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የወለሉን ስፋት የግድግዳው ስፋት አድርጎ በመያዝ ነው። ባለ 20 ካሬ ሳሎን ማለት 20 ካሬ ቀለም ማለት አይደለም፤ ከላይ እንዳየነው ግድግዳው ብቻ እጥፍ ነው።

3. ስንት እጅ እንደሚቀባ ይወስኑ

ጤናማ ግድግዳ፣ ከቀድሞው ጋር የተቀራረበ ቀለም ከሆነ፣ ሁለት እጅ ይበቃዋል። ከደማቅ ወደ ፈዛዛ ወይም ከፈዛዛ ወደ ደማቅ ሲሄዱ ሦስተኛ እጅ ይያዙ። ብሩህ ቀይና ብሩህ ቢጫ ከሥራቸው ያለውን ቀለም የመሸፈን አቅማቸው ደካማ ስለሆነ ሦስት እጅም ሊያንሳቸው ይችላል። ውድ ቀለም ነው በሚል አንድ እጅ ብቻ አስቀብተው አይተዉት። ቀን በመስኮት በኩል ብርሃን ሲገባ የሩሎው መንገድ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

4. ሊትሩን ያስሉ

ለውስጥ ግድግዳ የሚሆን የፕላስቲክ ቀለም በለስላሳ ገጽ ላይ 1 ሊትሩ ለአንድ እጅ ከ8 እስከ 12 ካሬ ይሸፍናል። የእርስዎ ቀለም የሚሸፍነው መጠን ዕቃው ላይ ተጽፏል። ነገር ግን ፋብሪካው የሚጽፈው በለስላሳና በማይጠጣ ገጽ ላይ የተገኘውን ነው፤ የእርስዎ ግድግዳ ያ አይደለም። «ከ10 እስከ 12» የሚል ካዩ ለጤናማ ግድግዳ 10ን፣ ለጠጪ ግድግዳ የመጀመሪያ እጅ 8ን ይያዙ።

ሳሎናችን ተጠግኖ ቦታ ቦታው በስቱኮ ተደፍኗል እንበል፤ ስለዚህ መጀመሪያው ላይ ይጠጣል። አንደኛ እጅ፣ 40.7 ሲካፈል ለ8፣ 5.1 ሊትር። ሁለተኛ እጅ፣ 40.7 ሲካፈል ለ10፣ 4.1 ሊትር። ድምሩ 9.2 ነው። ሩሎው የሚይዘው፣ ትሪው ላይ የሚደርቀው፣ በኋላ ለመጠገኛ የሚቀመጠው አለና 10 በመቶ ይጨምሩ፤ ወደ 10 ሊትር ይሞላል። በተመሳሳይ መንገድ ኮርኒሱ 19.8 ለ8 ሲካፈል 2.5፣ ለ10 ሲካፈል 2፣ ከ10 በመቶው ጋር 5 ሊትር ይሆናል። የኮርኒሱ ቀለም ከግድግዳው የተለየ ስለሚሆን ለብቻው ይያዙት፤ ከግድግዳው ጋር ደምረው አይግዙ።

ቀለም ላይ የሚጨመረውን ውሃ እንደ ቀለም አይቁጠሩ። አንደኛው እጅ ላይ ዕቃው በሚያዘው መጠን ውሃ መጨመር ተገቢ ነው፣ ቀለሙ ወደ ግድግዳው እንዲገባ ይረዳዋል። ከዚያ በላይ የቀጠነ ቀለም ግን ሰፊ ቦታ የሸፈነ ይመስላል እንጂ ደርቆ ሲታይ ግድግዳው ያሳያል። ቀቢው 10 ሊትሩን ወደ 15 ቢያደርሰው የተቆጠበ ነገር የለም፤ ሁለት እጅ ይበቃ የነበረው ሦስት እጅ ይሆናል፣ የእጅ ዋጋም አብሮ ይጨምራል።

አሁን ደግሞ ሱቅ ውስጥ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር፦ ኪሎና ሊትር አንድ አይደሉም። 1 ሊትር የፕላስቲክ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከ1.3 እስከ 1.5 ኪሎ ይመዝናል። 20 ኪሎ የሚል ባልዲ ውስጥ ያለው 14 ሊትር ገደማ ነው ማለት ነው። አንዱ ሱቅ በኪሎ፣ ሌላው በሊትር ዋጋ ከነገረዎት ወደ ሊትር ሳይመልሱ አያወዳድሩ። «ጋሎን» የሚለው ስምም መጠን አይናገርም፤ ዕቃው ላይ የታተመውን ቁጥር ያንብቡ።

5. ስቱኮው ከቀለሙ በላይ እንዳይሆን

ያልተጠናቀቀ ኮንዶሚኒየም የተረከበ ሰው ወይም ግድግዳው ወጣ ገባ የሆነበት ባለቤት ይህን ክፍል ዘሎ እንዳይሄድ። ወጪ ከእጅ የሚያመልጠው እዚህ ነው።

አንድ ካሬ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ማንኛውም ነገር ልክ 1 ሊትር ነው። ቀለም በአንድ እጅ የሚያርፈው እርጥቡን እንኳ 0.1 ሚሊ ሜትር ግድም ስለሆነ ነው 1 ሊትሩ 10 ካሬ የሚሄደው። ስቱኮ ግን በሚሊ ሜትር ነው የሚቆጠር። የሳሎናችን 40.7 ካሬ በሙሉ 1 ሚሊ ሜትር ስቱኮ ቢለበስ 41 ሊትር ይፈልጋል፤ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን 122 ሊትር! የቀለሙ 10 ሊትር ከዚህ አጠገብ ምንም ነው።

ስለዚህ ቀጥ ያለ የ2 ሜትር የአልሙኒየም ዘንግ ወይም እንጨት ግድግዳው ላይ ያጋድሙና ከሥሩ ያለውን ክፍተት ይለኩ። የክፍተቱን ግማሽ አማካይ ውፍረት አድርገው መያዝ ይቻላል፤ በ2 ሚሊ ሜትር ክፍተት አንድ ሊትር በካሬ ማለት ነው። ክፍተቱ በብዙ ቦታ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ሥራው የቀቢ ሳይሆን የለሳኝ ነው። በጀሶ ወይም በልስን ተስተካክሎ ስቱኮው ላዩን ማለስለሻ ብቻ ይሁን። ስቱኮ ወፍሮ ሲለበስ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ጉዳቱ ሁለት ነው። ቀዳዳና ስንጥቅ ብቻ ያለበት ጤናማ ግድግዳ ከሆነ ሙሉ ግድግዳ ስቱኮ የሚልዎትን ቀቢ ምክንያቱን ይጠይቁት።

ስቱኮው ደርቆ በብርጭቆ ወረቀት ከታሸ በኋላ አምፖል ወደ ግድግዳው ጎን አስጠግተው ያብሩ። ጉድጓዱም እብጠቱም ጥላ ይጥላል። መታረም ያለበት ያኔ ነው፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ የሚታረም ነገር ሁሉ እጥፍ ያስከፍላል። አሮጌ የዘይት ቀለም የሚታሽ ከሆነ ልጆችን ከቤት ያርቁ፣ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፣ በውሃ እያራሱ ማሸት ይሻላል። አሁን በሀገራችን በሥራ ላይ ያለው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው መርዛማው ሊድ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ የድሮ ቀለም ግን ይህን ሳያውቅ የተቀባ ሊሆን ይችላል።

6. በርና መስኮት

በር ሁለት ገጽ አለው። 0.9 በ2.1 የሆነው በር ሁለቱ ገጾቹ 3.8 ካሬ፣ ከመቃኑ ጋር 4.5 ካሬ ግድም ይሆናል። የዘይት ቀለም 1 ሊትሩ 10 ካሬ እንደሚሄድ ቢይዙ ለአንድ በር ሁለት እጅ 1 ሊትር ያህል ነው። ብረት ከሆነ ዝገቱ ተፍቆ አንድ እጅ አንቲረስት ይቀድማል። ቲነሩን አይርሱ፤ ለማቅጠኛም ለብሩሽ ማጠቢያም ይሄዳል።

7. የሊትሩን ሳይሆን የካሬውን ዋጋ ያወዳድሩ

ሁለት ቀለም ቀረበልዎ እንበል። ዋጋው ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተቀመጠ ነው፤ እርስዎ የዕለቱን ዋጋ ይተኩበት። አንደኛው ሊትሩ 400 ብር ነው፤ 10 ካሬ ይሸፍናል፣ በሁለት እጅ ያልቃል። ሁለተኛው ሊትሩ 300 ብር ነው፤ 8 ካሬ ይሸፍናል፣ ሦስት እጅ ይፈልጋል። ሒሳቡ ዋጋውን ለሚሸፍነው ካሬ አካፍሎ በእጁ ብዛት ማባዛት ነው። የመጀመሪያው 400 ለ10፣ 40፤ በሁለት እጅ 80 ብር በካሬ። ሁለተኛው 300 ለ8፣ 37.50፤ በሦስት እጅ 112.50 ብር በካሬ። በሳሎናችን 40.7 ካሬ ላይ አንደኛው ወደ 3,256 ብር፣ ሁለተኛው ወደ 4,579 ብር ይመጣል። «ርካሹ» ቀለም ከ1,300 ብር በላይ ተጨማሪ አስወጣ፤ የሦስተኛው እጅ የጉልበት ዋጋ ገና አልተቆጠረም።

ይህ ማለት ሁልጊዜ ውዱን ይግዙ ማለት አይደለም። ለኮርኒስና ሰው ለማይነካው ክፍል መታጠብ የሚችል ውድ ቀለም ትርፍ ነው። ልጆች እጃቸውን ለሚያሳርፉበት ኮሪደርና ለኩሽና ግን የሚታጠብ፣ በትንሹ የሚያብረቀርቅ ቀለም ዋጋውን ያወጣል። ግድግዳው ወጣ ገባ ከሆነ ከሚያብረቀርቅ ቀለም ይራቁ፣ ጉድለቱን ሁሉ ያጎላዋል።

ዋጋ ሲጠይቁ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ተካቶ እንደሆነ አብረው ይጠይቁ። 10,000 ብር የተባለው ዕቃ ካልተካተተ 11,500 ነው። በዝርዝርዎ ላይ ከቀለሙ ሌላ ፕራይመር፣ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሩሎና ብሩሽ፣ የወለል መሸፈኛ ላስቲክ፣ የወረቀት ፕላስተርና የማጓጓዣ ዋጋ ይግቡ። እነዚህ ጥቃቅን ናቸው ተብለው ይረሳሉ፤ ሲደመሩ ግን ጥቃቅን አይደሉም። በጠቅላላው ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ይያዙ።

8. የእጅ ዋጋውን ይዋዋሉ

ቀቢ በቀን፣ በቁርጥ ወይም በካሬ ይዋዋላል። በቀን ከሆነ ሥራው ይረዝማል፤ በቁርጥ ከሆነ ይቸኮላል። በካሬ መዋዋል ይሻላል፤ ግን አስቀድመው ሦስት ነገር ይነጋገሩ።

የመጀመሪያው፣ በርና መስኮት ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? በሳሎናችን 46.8 እና 40.7 መካከል ያለው 6.1 ካሬ የክፍያ ልዩነት ነው። በበሩ ዙሪያ ያለው የጠርዝ ሥራ ጊዜ ስለሚወስድ አይቀነስ የሚል ቀቢ አለ፤ ምክንያቱ ከንቱ አይደለም፤ ዋጋው ያንን አስቦ ይቆረጥ። ሁለተኛው፣ የካሬው ዋጋ ስቱኮውን፣ ማሸቱንና ስንት እጅ ቅብ ያካትታል? «ቅብ ብቻ» ከተባለ የማዘጋጀቱ ዋጋ ኋላ ይመጣል። ሦስተኛው፣ ካሬውን የሚለካው ማነው? አብራችሁ ለኩ፣ ወረቀቱ ላይ ሁለታችሁም ፈርሙ።

ቀብዱ ትንሽ ይሁን። ከዚያ ስቱኮው ታሽቶ ሲያልቅ አንድ ክፍያ፣ አንደኛ እጅ ሲያልቅ አንድ ክፍያ፣ የመጨረሻው ደግሞ ቀን በፀሐይ ብርሃን ካዩት በኋላ። ማታ በአምፖል ብርሃን ሥራ አይረከቡ። ዕቃውን ቀቢው የሚገዛ ከሆነ ደረሰኝ ይቀበሉ፣ ባዶ ባልዲዎቹም ሥራው እስኪያልቅ ከግቢ አይውጡ፤ የገባውን ሊትር የሚቆጥሩበት ሌላ ማስረጃ የለዎትም።

9. ይግዙ

የአንድ ቀለም ሙሉ መጠን በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ይግዙ። ባልዲዎቹ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን ይመልከቱ፤ የተለያየ ከሆነ ከመቀባቱ በፊት በአንድ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ይቀላቀሉ። በማሽን የሚቀመም ቀለም ከሆነ ሙሉውን ከመውሰድዎ በፊት ትንሹን ዕቃ ገዝተው ግድግዳው ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ይቀቡ፣ ጧትም ማታም ይዩት። የተቀመመ ቀለም አብዛኛው ሱቅ መልሶ አይቀበልም።

ዕቃውን ሲያከፋፍሉ 10 ሊትር ለሚፈልግ ክፍል 20 ሊትር ባልዲ የሚረክሰው የቀረው 10 ሊትር የሚሄድበት ሌላ ክፍል ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ የሁሉንም ክፍል ስሌት ጨርሰው በቀለም ዓይነት ደምረው ይሂዱ።

ነሐሴ ላይ የሚያስቀቡ ከሆነ ለመድረቂያ ጊዜ ይተዉ። ዕቃው ላይ በሁለት እጅ መካከል 4 ሰዓት ቢል ዝናብ በሚውልበት ቀን እጥፉን ያስቡ፣ መስኮት ይክፈቱ። ያልደረቀ ላይ የተደረበ ቀለም ይነሳል፤ ለዚያም ተጨማሪ ሊትር ይከፈላል።

ሥራው ሲያልቅ ከእያንዳንዱ ቀለም አንድ ሊትር ያህል ጠባብ አፍ ባለው፣ እስከ አፉ በሚሞላ ዕቃ ገልብጠው አጥብቀው ይክደኑ። ላዩ ላይ የቀለሙን ስምና ቁጥር፣ የተቀባበትን ክፍልና ቀኑን ይጻፉ፤ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ያስቀምጡት።